ማንም ያልነካው መስመር

የአገራችንን ስም እንዳልነግራችሁ ሸንጎው ስሙን ለመቀየር እየተወያየ ነው። ውይይቱ እስኪያልቅ ድረስ አሮጌውን ስም መጥራትም አዲሱን መገመትም ክልክል ነው። ውይይቱ የተጀመረው አባቴ ሚስት ሳያገባ ነው። ስለዚህ አገሬ እያልኩ ብቻ ልቀጥል።

ስሜ ዋሴ ነው። ሥራዬ ገመድ መግመድ ነው። መንደራችን ገመድ ሰፈር ከከተማው ግርጌ፣ ወንዙ ታጥፎ በሚዞርበት ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው ያለችው። ቃጫ ለመዘፍዘፍ ውሃ ያስፈልጋል፤ ገመድ ወጥሮ ለመግመድ ደግሞ ረጅም ደልዳላ መሬት ያስፈልጋል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙት እዚያ ብቻ ስለሆነ አባቶቻችን እዚያ ሰፈሩ። ወንዙ በየክረምቱ ሞልቶ እንደሚወጣ ያውቁ ነበር። ሸንጎው የመከላከያ ግንብ እንደሚሠራላቸውም ያውቁ ነበር፤ ቃል ተገብቶላቸው ነበርና።

በእኛ አገር አንድ እንደራሴ የሚመረጥበት መሬት "ድርሻ" ይባላል። ምርጫ ሲቃረብ እንደራሴዎቹ ኖራ በከረጢት አሸክመው ከየቤታቸው ይወጡና እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን መሬት ላይ ያሰምራሉ። ይህ የመስመር ሳምንት ይባላል። ከበሮ ይመታል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው በየደጁ ቆሞ ወዴት እንደሚወድቅ ይጠብቃል። እንደራሴው የወደዱትን ቤት በመስመር ያጥሩታል፤ ያልወደዱትን ዞረው ያልፉታል። አንድ ጊዜ አንደኛው እንደራሴ፣ ሠርግ ሳይጠሩ የቀሩበትን ቤት ለመዝለል ሲሉ መስመሩን በወፍጮ ቤቱ ጓሮ አዙረው፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብተው እግራቸውን ተሰበሩ። መስመሩ ግን አልተቋረጠም፤ ኖራ ተሸካሚዎቹ ጨረሱላቸው። በዚያው ዓመት በሰፊ ድምፅ ተመረጡ።

ገመድ ሰፈር አራት ቦታ ተከፍላ ነበር የምትኖረው። እያንዳንዷ ቁራጭ ዳገቱ ላይ ካለ ትልቅ ሰፈር ጋር በቀጭን መንገድ ተያይዛ የአንዱ እንደራሴ ድርሻ ጫፍ ነበረች። የእኔ ቤትና የጎረቤቴ የእትዬ ውዴ ቤት በአንድ ግድግዳ የተጣበቁ ናቸው። እኔ የአቶ መንበሩ ድርሻ ነኝ፤ እትዬ ውዴ የሌላ እንደራሴ። እትዬ ውዴ ባላቸው ከሞተ ወዲህ በመንደራችን ከሁሉም የጠነከረ ገመድ የሚገምዱ ሴት ነበሩ። ያለቻቸው ልጅ አንዲት ትርንጎ ነበረች፤ ሚስቴ ስንዱ ነበረች የምታስተምራት።

በአንዱ ክረምት መግቢያ ወንዙ ከቀትር በኋላ ድንገት ወጣ። ትርንጎ ከትምህርት ቤት እየመጣች ነበር። ውሃው ሲወስዳት ብዙ ሰው አይቷል። ገመድ ወረወርንላት፤ ገመድ በሞላበት መንደር ገመድ አልጠፋም። እጇ ግን አልደረሰበትም።

ስንዱ ቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። ሣልስቱ ሲያልፍ ነጠላዋን አጣፍታ ብድግ አለች።

"የት ነው?" አልኳት።

"እንደራሴው ጋ።"

"የትኛው?"

ጥያቄዬ የሞኝ ጥያቄ አልነበረም፤ አራት ናቸው። እሷም ቆም ብላ አሰበች። መጀመሪያ የራሳችን እንደራሴ አቶ መንበሩ ጋ ሄድን።

አቶ መንበሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ስለ ትርንጎ ስንነግራቸው እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ የውሸት እንባ አልነበረም፤ አይቼዋለሁ። ቤታቸው ዳገቱ ላይ ነው። ወንዙ ከመስኮታቸው ሲታይ በጣም ያምራል።

"ውሃው በየት በኩል ነው የገባው?" አሉ።

"በመንደሩ መሃል ካለው ዋርካ በላይ" አለች ስንዱ።

"ከዋርካው በላይ የእኔ ድርሻ አይደለም" አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። "የእኔ ከዋርካው በታች ያለው ነው።"

"ውሃው ከዋርካው በላይ ገባ፤ ልጅቷን የወሰዳት ግን ከዋርካው በታች ነው፣ ክቡር እንደራሴ።"

"እሱ ነው እኮ ችግሩ፣ መምህር። ግንብ የሚሠራው ውሃ በሚገባበት በኩል ነው። ውሃ በሚገባበት በኩል ደግሞ እኔን የመረጠኝ ሰው የለም። እዚያ ሄጄ ድንጋይ ብደረድር የሰው ድርሻ ገባ እባላለሁ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?"

ሁለተኛው እንደራሴ ከዋርካው በላይ ያሉት ሰዎች የእሳቸው መሆናቸውን አምነው፣ እነሱ ግን ጥቂት አባወራ ስለሆኑ ግንብ እንደማይገባቸው ነገሩን። ሦስተኛው መታመማቸውን አስነገሩ። አራተኛው ኖራ ውሃ ላይ ስለማይይዝ ወንዙ የማንም ድርሻ እንዳልሆነ፣ ስለዚህም ወንዙ ስላደረሰው ጉዳት የሚጠየቅ እንደራሴ ሊኖር እንደማይችል በትዕግሥት አስረዱን።

ስንመለስ መንገድ ላይ ስንዱ እንዲህ አለች፦ "ግንቡን አይደለም መጠየቅ ያለብን። መስመሩን ነው።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ለመናገር ጊዜ አይበቃም። የገመድ ሰፈር ሰው ሥራ ሲፈታ ወደ ሸንጎው አደባባይ እየወጣ መቀመጥ ጀመረ። ጥያቄያችን አንድ ነበር፦ መስመሩን የሚመረጠው ሰው ራሱ አያስምረው። አደባባዩም እንደ ማንኛውም መሬት በድርሻ የተከፈለ ስለነበር ዘበኞቹ እያንዳንዳችንን በየድርሻችን አስቀመጡን። ጎረቤታሞች በአራት ማዕዘን ተራርቀን፣ እየተጯጯህን አቤቱታ አቀረብን። እትዬ ውዴ ከወዲያ ጥግ ሆነው "ዋሴ፣ ምን አሉ?" ብለው ይጮኻሉ፤ እኔ "ገና ናቸው" ብዬ እጮኻለሁ። ስንት ክረምት እንዲህ አለፈ።

ሸንጎውን ያንበረከከው ግን የእኛ ጩኸት አልነበረም። በአንዱ የመስመር ሳምንት ሁለት እንደራሴዎች አንዱን የገበያ መንገድ ሁለቱም ፈለጉት። ኖራ ተሸካሚዎቻቸው በከረጢት ተደባደቡ። ገበያው በኖራ ተሸፈነ፤ በርበሬው ነጣ፣ ቅቤው ነጣ፣ ሰው ሳል በሳል ሆነ። ነጋዴዎቹ ሱቅ ዘግተው "ይህ ነገር መላ ይበጅለት" አሉ። ያን ጊዜ ሸንጎው መላ አገኘ። መላው ስንዱ ለዓመታት አደባባይ ላይ ስትጮኸው የነበረው ነው። ሕጉ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ አቶ መንበሩ ቆመው አጨበጨቡ።

ሕጉ መስመሩን ከእንግዲህ "ገለልተኞች" የሚባሉ ሦስት ሰዎች ያሰምሩታል ይላል። ገለልተኛ ለመሆን ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ፈታኞቹ "ዝናብ ይሻላል ፀሐይ?" ብለው ይጠይቃሉ፤ የመለሰ ሁሉ ይወድቃል። መጀመሪያ ያለፉት ከሰው ተለይቶ ጨው ሜዳ ላይ የሚኖር ሽማግሌና ሁሉንም ሰው እኩል የሚጠሉ ጡረተኛ ዳኛ ነበሩ። ሦስተኛዋ ከአቤት ባዮቹ ወገን እንድትሆን ስለተፈቀደ ስንዱን አቀረብናት።

አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ስለ ዝናቡ ጠየቋት፤ ዝም አለች። ስለ ወንዙ ጠየቋት፤ ዝም አለች። ከዚያ ዋናው ፈታኝ መነጽሩን ከፍ አድርጎ፦

"ባልሽን ትወጂዋለሽ?" አላት።

ስንዱ እጆቿን ትመለከት ነበር። ዞር ብላ አላየችኝም። ዝምታው ረዘመ፤ አንድ ሰው አስነጠሰ።

"አልፋለች" አለ ፈታኙ።

ዝም ያለችው ለመንደራችን ብላ እንደሆነ አውቃለሁ። አስቀድማ ብትጠይቀኝ እኔም ዝም በይ እላት ነበር። የሆነ ሆኖ ያን ሌሊት እስኪነጋ ገመድ ስገምድ አደርኩ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ስንዱ ሸንጎው ለሦስቱ ገለልተኞች በሰጣቸው ቤት ተቀመጠች። ገለልተኛ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ለማንም ሰላምታ አይሰጥም ብለው አስምለዋታል፤ አንዱን ከሌላው አስቀድሞ ሰላም ማለት ማዳላት ነው ብለው። የጨው ሜዳውን ሽማግሌ ምንም አልከበደውም። ዳኛውማ ለዓመታት ሰላምታ ሰጥተው አያውቁም። ስንዱ ግን መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ እናቱ እንዴት እንዳደረች ሳትጠይቅ የማታልፍ ሰው ናት።

አንድ ቀን ጠዋት ሦስቱ መሬቱን ለመለካት ወደ መንደራችን ወረዱ። እትዬ ውዴ ከቃጫ መዘፍዘፊያው ቀና ሲሉ አዩዋት። እጃቸው ውሃ እያንጠባጠበ፣ ሁለት ክንዳቸውን ዘርግተው ሮጡ።

"ስንዱዬ! የኔ እናት!"

ስንዱ ፊቷን ወደ መለኪያው ችካል አዙራ አልፋ ሄደች። እትዬ ውዴ ክንዳቸውን እንደዘረጉ መንገድ መሃል ቀሩ። ቀስ ብለው እጃቸውን አወረዱና በቀሚሳቸው ጠረጉት።

"ዋሴ፣ ምን በደልኳት?" አሉኝ።

መሐላውን አስረዳኋቸው። "ለትርንጎ ብላ ነው እትዬ። ካሁን በኋላ የማንም ልጅ እንዳይወሰድ ብላ ነው።"

"ለትርንጎ ከሆነ ትለፈኝ" አሉ። ወደ ቃጫቸው ተመለሱ። ስንዱ ከወዲያ በኩል ችካሉን እንደያዘች ቆማ ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ከሩቅ ይታየኛል። ዳኛው "ችካሉ ይነቃነቃል" ብለው ተቆጧት።

ስንዱ መስመሩን በደንብ አሰመረችው። ይህን ባሏ ስለሆንኩ አይደለም የምለው፤ ዳኛው እንኳ የሚጠሉበት ነገር አጥተውበታል። መስመሩ ወንዙን ተከትሎ ወርዶ፣ ሜዳውን ዞሮ፣ በዳገቱ ግርጌ ይመለሳል። የማንም ቤት አልተሰነጠቀም። ገመድ ሰፈር ከዋርካው በላይም ከዋርካው በታችም አንድ ድርሻ ሆነች። ኖራው ቀርቶ በየመታጠፊያው የተጠረበ ድንጋይ ተተከለ። ሸንጎው መስመሩን የነካ ሰው ዕድሜ ልኩን እንዲታሰር ደነገገ። አቶ መንበሩ ድንጋዩ ሲተከል መጥተው ንግግር አደረጉ።

"ከዛሬ ጀምሮ ይህ መስመር እንደ ታቦት ነው" አሉ። "እኔ ራሴ እንኳ ብነካው እሰሩኝ!"

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ስንዱ ከመሐላዋ በተፈታችበት ቀን ወደ መንደር ስትወርድ መጀመሪያ የገባችው እኛ ቤት አይደለም፤ እትዬ ውዴ ቤት ነው። በግድግዳው በኩል ሁለቱ ሲላቀሱ እሰማለሁ። ከዚያ መጣችና በሩ ላይ ቆማ "ያን ቀን የጠየቁኝን..." ብላ ጀመረች።

"ተይው" አልኳት። "ግቢና ቁጭ በይ።"

እንደ እሱ ያለ የደስታ ሰሞን በመንደራችን አላየሁም። ገለልተኛ የነበረ ሰውና የትዳር ጓደኛው መመረጥ ስለማይችሉ እኔና ስንዱ ቀረንና፣ ሁሉም በአንድ አፍ እትዬ ውዴን ለእንደራሴነት አጨ። ሜዳው ላይ ተሰብስበን "እስኪ ይናገሩ" አልናቸው። ቃጫውን ከእጃቸው አራገፉ።

"ንግግር አላውቅም። ግንቡን እንሥራ። ሌላ የምለው የለኝም" አሉ።

ከዚህ የተሻለ ንግግር በአገራችን የተደረገ አይመስለኝም። በአዲሱ መስመር ለአቶ መንበሩ የቀረላቸው የእኛው ሜዳ ብቻ ነበር፤ ዳገቱን ሌሎቹ ሦስቱ ተከፋፍለውታል። ነባር እንደራሴ ቤቱ የትም ቢሆን መወዳደር ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ የሚወዳደሩት ከእትዬ ውዴ ጋር ነው። እናሸንፋቸዋለን፤ ለመቁጠር እንኳ የሚያስቸግር አልነበረም።

"አስፋሪዎች" የሚባሉት የሸንጎው ሰዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ንጹሕ የለበሱ፣ ጫማቸውን በር ላይ የሚያወልቁ፣ ትሑት ሰዎች ናቸው። የገለልተኞቹ ሕግ ድርሻዎች በሰው ብዛት ይመጣጠኑ ይላል፤ ራሷ ስንዱ ያስገባችው አንቀጽ ነው። አስፋሪዎቹ ቆጠሩና የእኛ ድርሻ ከሌሎቹ ትንሽ እንደበዛች ነገሩን።

"ታዲያ መስመሩን ትንሽ ማጥበብ ነዋ" አለች ስንዱ።

አስፋሪው ደነገጠ። ወደ በሩ ሁሉ አየ። "መምህር፣ እንደሱ አይበሉ! መስመሩ እኮ አይነካም። ሰዎቹን ነው የምናመጣጥነው።"

መጀመሪያ የሄዱት እትዬ ውዴ ጋ ነው። ዳገቱ ላይ አዲስ ቤት ሰጧቸው። የተለሰነ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ስንዱ ሮጣ ገባች፤ ተከተልኳት። እትዬ ውዴ ዕቃቸውን ቁና ውስጥ እየከተቱ ነበር።

"እትዬ፣ ከሄዱ እኮ ከእኛ ድርሻ ወጡ ማለት ነው። መወዳደር አይችሉም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

እትዬ ውዴ ቁናውን አስቀመጡ። "ስንዱ፣ ውሃ የማይደርስበት ቤት ሰጡኝ" አሉ። "ልጄን ከወሰደው ውሃ የራቀ ቤት። ዝናብ በጣለ ቁጥር በዚህች መስኮት በኩል ስንት ጊዜ እንደማይ ታውቂያለሽ? እንዴት ብዬ እምቢ ልበል?"

ስንዱ የቀረውን ከተተችላቸው። ዕቃውን ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁላቸው። ቤቱ በእርግጥ ጥሩ ቤት ነው።

ቀጥሎ የጎረቤታቸው ተራ ደረሰ፤ ቀጥሎ የሌላው። አንዱን ከአንዱ አራርቀው ነው ያሰፈሯቸው፤ በየሰፈሩ አንድ አንድ፣ ሁለት ሁለት ቤት። እምቢ ያለ አንድም ሰው አልነበረም፤ ያስገደደም አልነበረም። እኔና ስንዱ ብቻ ቀረን። ገለልተኛ የነበረ ሰው ካለበት ከተነሳ ያሰመረው መስመር ይጠረጠራል ተብሎ መነሳት ተከለከልን።

ስንዱ ወደ አቶ መንበሩ ወጣች። ይህን ጊዜም አብሬያት ሄድኩ።

"መንደሩን በተኑት" አለቻቸው። ይቀመጡ ሲሏት አልተቀመጠችም።

"መምህር፣ መስመሩን የነካ ሰው አለ?"

"የለም።"

"ድንጋዩ ተነቅሏል?"

"አልተነቀለም።"

"ከመንደሩ በዱላ የተባረረ አለ?"

"የለም።"

"ከውሃ ወደ ደረቅ መሬት ነው ያወጣናቸው። ሲያለቅሱ የነበሩት እኮ ለዚህ ነው።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ ለዚያች ሕፃን ያለቀስኩት ከልቤ ነበር። የጎደለውን ንገሩኝ፤ ዛሬውኑ አስተካክላለሁ።"

ሕጉን ከጥግ እስከ ጥግ በቃሏ ታውቀዋለች፤ ግማሹን ራሷ ነች የጻፈችው። ውስጡ ስትፈልግ፣ ስትፈልግ ይታየኝ ነበር። መጨረሻ ላይ "የጎደለ የለም" አለች። ወጣን። ዳገቱን ስንወርድ እጄን ያዘችኝ፤ በአደባባይ እጄን ይዛ አታውቅም ነበር።

መንደራችን ባዶ ሲሆን ድርሻችን ደግሞ አነሰች ተባለ። ስለዚህ አስፋሪዎቹ ተመልሰው መጡና ከዳገቱ የአቶ መንበሩን ዘመዶች፣ የሚስታቸውን ዘመዶችና ኖራ ተሸካሚዎቻቸውን በባዶዎቹ ቤቶች አሰፈሩ። በጋ ስለነበር ወንዙ ቀጭን ነበር። አዲሶቹ ጎረቤቶቻችን ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ እሳት ጫሩልን፣ ጨው ተበደሩን። የገመድ መወጠሪያዎቹን ምሰሶዎች ልብስ ማስጫ አደረጓቸው። በምርጫው ዕለት አቶ መንበሩ ያለተወዳዳሪ ተመረጡ። ታዛቢዎቹ እንዲህ ያለ ሰላማዊና ንጹሕ ምርጫ አይተን አናውቅም አሉ፤ እውነታቸውን ነው።

መጀመሪያው ዝናብ ሲያስገመግም ጎረቤቶቻችን ዕቃቸውን ጠቅልለው ወደ ዳገቱ ወጡ። "በመስከረም እንገናኝ" አሉን።

እትዬ ውዴን ለመጠየቅ ወጥቼ ነበር። ዳገቱ ላይ ቃጫ የሚዘፈዘፍበት ውሃ የለም፤ ገመድ የሚወጠርበት ደልዳላም የለም። የሲሚንቶው ወለል ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አገኘኋቸው። ጎረቤቶቻቸው አያውቋቸውም። "እንዲያው ሳላስበው እገምዳለሁ" አሉና ጣቶቻቸውን አሳዩኝ፤ ምንም ሳይዙ በባዶው እየገመዱ ነበር። "መስኮቱ ግን ወደ ወንዙ አያይም። ጥሩ ነው።" ሌላ ብዙ አልተነጋገርንም። ሐምሌ ሲገባ አረፉ። በዚያ ሰፈር ዕድር የሌላቸው እንግዳ ስለነበሩ የቀበራቸው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። እኔና ስንዱ የሰማነው ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ ወንዙ መንገዱን ቆርጦት ነበር።

በዚያ ክረምት ጎርፉ ከመቼውም በላይ መጣ። እኔና ስንዱ ጣሪያችን ላይ ወጥተን ራሳችንን ከጭስ መውጫው ጋር በገመድ አሰርን። ባዶዎቹ ቤቶች አንድ በአንድ ሲሄዱ አየን። የእትዬ ውዴ ቤት ስትሄድ ከእኛ ጋር የሚያጣብቃትን ግድግዳ ጥላልን ሄደች፤ ምናልባት እኛን ያቆመን እሱ ይሆናል። ውሃው ሲሸሽ ወረድን።

መስከረም ላይ አቶ መንበሩ በሸንጎው ፊት ቆሙ። በአገራችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ በጎርፍ የሞተ አንድም ሰው እንደሌለ፣ ይህም የድርሻ ማሻሻያው ፍሬ መሆኑን አስታወቁ። ስለዚህ የግንቡ ጉዳይ ከሸንጎው አጀንዳ ለዘለዓለም እንዲሰረዝ ሐሳብ አቀረቡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ስንዱ በክብር እንግድነት ተጠርታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እንድትነሳ ጠየቋት፤ ተነሳች። አጨበጨቡላት።

ቤት ስትገባ "ምን አልሽ?" አልኳት።

"ምን እላለሁ? ማንም አልሞተም።"

ከዚያ ወዲህ ማስተማር ተወች፤ የምታስተምረው ልጅም አልነበረም። እኔ ለማን እንደምሸጠው ባላውቅም ገመድ እገምዳለሁ።

ባለፈው ኅዳር ከጎረቤት አገር እንግዶች መጡ። ሁለት ወጣት ሴቶችና አንድ ወንድ ነበሩ፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል፤ ፊታቸው ላይ ግን ድካም አይታይም። በእነሱም አገር መስመሩን የሚያሰምሩት ሹሞቹ ናቸው። የእኛን አገር ማሻሻያ ሰምተው፣ መምህር ስንዱን በአካል ለማየትና እንዴት እንደተሳካላት ለመጠየቅ ነበር ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው የመጡት። ስንዱ አስቀመጠቻቸው፣ ውሃ ሰጠቻቸው፤ ከዚያ መስመሩን ልታሳያቸው ይዛቸው ወጣች። እኔም ከኋላ ተከተልኩ። ጎርፉ ያመጣውን ደለል እየረገጥን ከድንጋይ ድንጋይ ዞርን። አንዱም ድንጋይ ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

"እንዴት ያምራል!" አለች ትልቋ ልጅ። "ጥርት ያለ ነው። አንድም ቤት አልነካም።"

"አዎ" አለች ስንዱ። ቤት የሚባል ነገር በአካባቢው አልነበረም፤ ከእኛው በቀር።

ስንዱ ቆመች። ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር አልሰማኋትም፤ እየለመነች ነበር። "ልጆቼ፣ ሕጋችሁን ስትጽፉ ስለ ሰዎቹም ጻፉ። መስመሩ አይነካ ስትሉ ሰዎቹም አይነኩ በሉ። እባካችሁ።"

ልጆቹ ተያዩና በአክብሮት ፈገግ አሉ።

"መምህር" አለች ትልቋ፣ "የእኛዎቹ ሹሞች መስመር ነው የሚያንቀሳቅሱት። እንዲያው ክፉ ቢሆኑም ሰው ከቤቱ አያነሱም። እንደሱ ያለ ነገር በእኛ አገር ተደርጎ አያውቅም።"

"እዚህም ተደርጎ አያውቅም ነበር" አለች ስንዱ።

ልጅቷ ግን ጎንበስ ብላ የድንጋዩን ውፍረት በስንዝር መለካት ጀምራ ነበር። ጓደኛዋ ከወዲያ በኩል ቁመቱን እየለካ ይጠራላታል። ትንሿ በመዳፏ ድንጋዩን እያሻሸች ከየትኛው የድንጋይ ካባ እንደተፈለጠ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። በጣም ወደዱት።